የጽጌ ጉዞና የጥንቱ ደን

ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀናት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ወርኀ ጽጌ እየተባሉ ይጠራሉ። በእነዚህ ቀናት ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌ እየቆሙ፣ ምእመናንም እንደየፈቃዳቸው እየጾሙ፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያምን ከልጇ ከወዳጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ ያስባሉ። በማግሥቱ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ይከበራል። ቁስቋም ቅዱሱ ቤተሰብ ከስደቱ መከራ ያረፈበት በግብፅ የሚገኝ ተራራ ሲሆን፣ በአገራችን በስሙ ከተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት መካከል በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ያሳነጿት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በይበልጥ ትታወቃለች።

ወርኀ ጽጌ የአበባ ወራት ብቻ ሳይሆን የመንገድ ወራትም ነው። በእነዚህ ቀናት የምናስባት እናት ሕፃኗን አቅፋ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በባዕድ ምድር የተንከራተተች፣ በረሓ ያቋረጠች፣ ደክሟት በዛፍ ጥላ ሥር ያረፈች መንገደኛ ናት። በካይሮ አጠገብ እመቤታችን ያረፈችበት ነው ተብሎ በትውፊት የሚታወቀው ዛፍ እስከ ዘመናችን ድረስ የሚጎበኝ ሲሆን፣ የእኛም አባቶች በጣና ሐይቅ የምትገኘውን የጣና ቂርቆስን ደሴት ከዚህ ስደት ጋር አያይዘው ይተርካሉ። ከዚህም የተነሣ መንገድ፣ ዛፍና ዕረፍት በጽጌ ወራት መታሰቢያ ውስጥ ተለያይተው አያውቁም።

የሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ የጽዋና የጉዞ ማኅበራት በዚህ ወቅት ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱበትን የአንድ ቀን ጉዞ ወደ ገዳማትና ወደ አድባራት ያዘጋጃሉ። ክረምቱ አልፎ ምድሩ ገና አልደረቀም፤ መንገዱ ጠርቷል፤ ወንዙም ጎድሏል። የጉዟችን ፍጻሜ አብዛኛውን ጊዜ በጥንታዊ ደን የተከበበ ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ በዚህ የበዓል ጽሑፋችን ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በእነዚህ ደኖች ውስጥ በማኅበር የምናደርገው የእግር ጉዞ ለእኛ በረከት እንደሚሆነን ሁሉ ለደኑም በረከት ይሆነው ዘንድ እንዴት እንራመድ? የሚል ነው።

ከማክሰኝት ወደ ታራ ገዳም

ስሟ የማክሰኞን ቀን የሚያስታውሰው የማክሰኝት ከተማ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በምዕራብ በኩል ወደ ጣና ሐይቅ የሚዘረጋው ሜዳ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከፍ እያለ የሚሄደው ተራራማ አገር ይዋሰኗታል። በጥቅምት ወር በዚህ ጎዳና የሚያልፍ ሰው ጤፉን፣ ማሽላውንና ሽንብራውን በግራና በቀኝ እያየ ይሄዳል። ዛፍ ግን እምብዛም አያይም። ዐልፎ ዐልፎ ብቻ፣ በሰፊው እርሻ መካከል፣ ልክ በሐይቅ ላይ እንዳለ ደሴት ክብ ሆኖ የሚታይ ጥቁር አረንጓዴ ደን ብቅ ይላል። እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። ማንም ሳይነግረው መንገደኛው ወደዚያ አቅጣጫ ያማትባል።

በዚህ አካባቢ ዛፍ መጥፋቱ ያስከተለው ጉዳት የተሰወረ አይደለም። በከተማዋ አቅራቢያ የሚገኘው የጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ የግብርና ተመራማሪዎች የአፈርን መሸርሸር ለዓመታት ካጠኑባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በየክረምቱ ወደ ጣና ይወርዳል። ገበሬው ማሳውን፣ ሐይቁም ጥራቱን ያጣሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ባለበት ስፍራ ግን ዝናቡ በቅጠልና በሥር እየተገታ ቀስ ብሎ ወደ ምድር ይሰርጋል።

ከማክሰኝት ወደ ደቡብ የሚያቀና የጉዞ ማኅበር እንፍራዝን አልፎ፣ ዐፄ ሠርጸ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት መሆኑ የሚነገርለትን የጉዛራን ግንብ እያሰበ፣ ወደ አዲስ ዘመን ከተማ ይደርሳል። ከከተማው አጠገብ በሊቦ ከምከም ወረዳ ታራ ገዳም ይገኛል። የታራ ገዳም ተራራ ደን በጣና ዙሪያ እስከ ዛሬ ከቆዩት ደረቅ የደጋ ደኖች አንዱ ሲሆን፣ የዕፅዋት ሊቃውንት በውስጡ ባካሄዱት ቆጠራ ከ100 በላይ የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች መዝግበዋል። ወይራው፣ ሰሳው፣ እምብሱ፣ አስኳሩ፣ አጋሙና ግራዋው እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይታያሉ።

ወደ ደኑ የሚገባ ማኅበርተኛ አስቀድሞ የሚሰማው ነገር ጸጥታ ነው። ከውጭ የነበረው የፀሐይ ግለት ይቀንሳል። ከእግር በታች ለዘመናት የተከማቸ የቅጠል ምንጣፍ አለ። የወፎች ድምፅ ከላይ፣ የምእመናን ሹክሹክታ ከታች ይሰማል። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በየዛፉ ሥር ይሳለማሉ፤ ወጣቶች ደካማውን ይደግፋሉ፤ ሕፃናትም ከወላጆቻቸው እጅ ወጥተው ወደ ጥሻው ለመግባት ይቸኩላሉ። በእንዲህ ያለው ጉዞ አንድ አረጋዊ አባት ከፊት ቀድመው፣ “ልጆቼ፣ ዱካዬን ተከተሉ” ማለታቸው የተለመደ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ቃል መንገድ እንዳንስት የተነገረ ምክር አድርገን እንወስደዋለን። ምክሩ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምሥጢር እንዳለው ወደፊት እንመለከታለን።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት እንዲህ ያለው ጉዞ በየጊዜው የሚታወክ መሆኑ እሙን ነው። ምእመናን የመንገዱን ሰላም አረጋግጠው መነሣት ይገባቸዋል። ስለ ደኑ የምንነጋገረው ነገር ግን ሰላሙ እስኪጸና ድረስ የሚቆይ አይደለም፤ እንዲያውም ጉዞው ጋብ ባለበት ጊዜ ሥርዓቱን ማሰብ ይቀላል።

ደኑ ስለምን ተረፈ?

በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል የጥንቱ ደን በአብዛኛው የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ዛፉ የተረፈው ማንም ስላልፈለገው አይደለም፤ የሚፈልገው ሁሉ ስለ ፈራና ስላከበረው ነው። አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያ ደን የቤተ ክርስቲያን ልብስ አድርገው ይቆጥሩታል። ልብሷን የተገፈፈች ቤተ ክርስቲያን ክብሯ ይጎድላል ይላሉ። ከዚሁም ጋር ለአገልግሎት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከዚሁ ደን ይገኝ ነበር፤ ለመቋሚያ ወይራው፣ ለከበሮ ዋንዛው፣ ለምሰሶና ለጣሪያ ጽዱ ይፈለጋል። ዛፍ የሚቆረጠው ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲያስፈልግ፣ ያውም በአባቶች ፈቃድ ነበር።

ይህ ሥርዓት ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት ወደ ሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ መሻገር ጠቃሚ ነው። ከባሕር ዳር አጠገብ ወደ ጣና ገባ ባለው በዘጌ ልሳነ ምድር ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና ሌሎችም ገዳማት ይገኛሉ። በገዳማውያኑ ትውፊት መሠረት ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን አንሥቶ የዘጌ ምድር በበሬ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባበት ሥርዓት ተሠርቶለታል። ሕዝቡም በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ እየተከለ ኖሯል። ማረሻ ያልገባበት መሬት ደኑን ጠበቀ፤ ደኑም ቡናውን፣ ቡናውም ሕዝቡን ጠበቀ። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የሕይወተ ምድር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ፣ እነዚህ ገዳማት ጠብቀው ያቆዩት ሀብት ከክብሩ ምክንያቶች አንዱ ነበር።

በደቡብ ጎንደርም ተመሳሳይ ምስክርነት አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1938 ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎች ከዘመናችን የሳተላይት ምስሎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ደኖች በስፋታቸው ብዙ ሳይቀንሱ መቆየታቸው ታውቋል። በእነዚያ 77 ዓመታት ውስጥ መንግሥት ተለዋውጧል፤ የመሬት ሥሪት ተለውጧል፤ ድርቅና ረሃብ መጥቶ ሄዷል። ደኑ ግን በስፍራው ቆሟል። የጠፋው በደኖቹ ዙሪያ የነበረው ቁጥቋጦና ጥሻ ነው። ያ ቁጥቋጦ ለደኑ እንደ ውጭ ቅጽር ሆኖ ነፋሱን፣ ግለቱንና ከብቱን ይከላከልለት ነበር። ዛሬ እርሻው እስከ ትልልቆቹ ዛፎች እግር ደርሷል።

እናቶች ያሉበት፣ ልጆች የጎደሉበት

ከውጭ ሲታይ ደኑ ሙሉ ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ አጎንብሶ ወደ መሬት ለሚመለከት ሰው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል።

አንባብያን “እመጓ” እና “ዝጎራ” በተባሉት መጻሕፍቱ የሚያውቁት የደን ሳይንስ ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2007 በኔዘርላንድ አገር በዋኽኒንገን ዩኒቨርስቲ ለዶክትሬት ማዕረግ ያቀረበው ጥናት የኢትዮጵያን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች የሚመለከት ነበር። እርሱና ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር 28 ደኖችን መርምረዋል። ከደኖቹ ትንሹ 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ 100 ሄክታር ስፋት ነበረው። በእነዚህ ደኖች በድምሩ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች ተቈጥረዋል። ይህ ታላቅ ሀብት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚሁ ጥናት ጋር ተያይዞ የታወቀ አንድ አሳሳቢ ነገር አለ። ከደኖቹ አፈር ተወስዶ በተደረገው ምርመራ፣ ዋና ዋናዎቹ ዛፎች በአብዛኛው በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የዘር ስንቅ እንደማያከማቹ ተረጋግጧል። አረምና ሣር ዘራቸውን በመሬት ውስጥ አኑረው ዓመታት ይጠብቃሉ፤ አብዛኞቹ የደን ዛፎች ግን ይህን አያደርጉም። ዘሩ በወደቀበት ጊዜ ይበቅላል፤ አለዚያም ይጠፋል። በመሆኑም የደኑ የወደፊት ዕጣ ያለው ከትልቁ ዛፍ ሥር በየክረምቱ በምትበቅለው ጣት በማታክል ቡቃያ ላይ ነው። ቡቃያዋ ካለች ደኑ ወራሽ አለው። ቡቃያዋ ከሌለች፣ መቶ ዓመት የቆመው ወይራ ሲወድቅ ቦታውን የሚወስድ አይኖርም።

ተመራማሪዎቹ ከዚህ ቀጥለው ወይራን፣ ጽድን፣ ጥቁር እንጨትንና ሎልን መርጠው በታጠረና ባልታጠረ ስፍራ አነጻጽረዋል። ከብት እንዳይገባ በታጠረው ስፍራ ዘሩ በተሻለ ሁኔታ በቅሏል፤ ቡቃያውም ከሞት ተርፎ አድጓል። ባልታጠረው ስፍራ ግን በከብት ጥርስና ኮቴ ብዙው ጠፍቷል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2019 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ የሰው እጅ ያደረሰው ጉዳት ተመርምሮ፣ በአማካይ ከደኑ ስፍራ 56 በመቶ ያህሉ በአረም፣ በተተከለ ባሕር ዛፍ፣ በተመነጠረ ሜዳ፣ በሕንፃና በመሳሰለው የታወከ ሆኖ ተገኝቷል። ጉዳቱ በበዛበት ደን የዛፉም ዓይነት፣ የቡቃያውም ብዛት ያንሳል። አጥኚዎቹ ከሰጧቸው ምክሮች መካከል ትልልቆቹን የዘር ዛፎች መጠበቅ፣ የተመነጠረውን ስፍራና በደኑ ውስጥ የሚወጡትን የእግር መንገዶች መቀነስ ይገኙባቸዋል።

እነሆ፣ ነገሩ ወደ እኛ ወደ ተጓዦቹ ደረሰ።

እግር በደን ውስጥ ምን ያደርጋል?

በጎ አሳብ ይዞ በባዶ እግሩ የሚሄድ ምእመን ደንን ያጠፋል ቢባል ለጆሮ ይከብዳል። አንድ ሰው አያጠፋም። አምስት መቶ ሰው በአንድ ቀን፣ ያውም መሬቱ ገና በርጥበት ላይ ሳለ፣ ወደፈለገበት አቅጣጫ ተበትኖ ሲሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል።

መንገድ ጭቃ በሆነበት ስፍራ ተጓዥ ሁሉ ጭቃውን ሸሽቶ በዳር በዳሩ ያልፋል። በዚህም አንድ ክንድ የነበረው መንገድ ሦስት ክንድ ይሆናል። የቸኮለ ሰው አቋራጭ ያወጣል፤ ተከታዩም ዱካውን አይቶ ይከተለዋል። በተደጋጋሚ የተረገጠ አፈር ይጠጥራል። የጠጠረ አፈር ውኃ አያስገባም፤ ውኃውም በላዩ ላይ እየሮጠ አፈሩን ይጠርጋል፤ የዛፉም ሥር ይራቆታል። የቅጠሉ ምንጣፍ ሲበተን ዘሩ የሚሸሸግበትና ርጥበት የሚያገኝበት ያጣል። መንገዱ ሲሰፋ ብርሃንና ነፋስ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ከእነርሱም ጋር አረም ይገባል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የወቅቱ ነገር ነው። የዓመቱ ቡቃያ የሚበቅለው በክረምቱ ዝናብ ነው። እንግዲህ እኛ በጽጌ ወራት ወደ ደኑ ስንገባ፣ የዚያ ዓመት የዛፍ ልጆች ገና ሁለትና ሦስት ቅጠል አውጥተው በእግራችን ሥር ናቸው። የስደተኛውን ሕፃን መታሰቢያ ልናከብር መጥተን የደኑን ሕፃናት ረግጠን እንዳንመለስ መጠንቀቅ ይገባናል።

በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1600 ጀምሮ ሳይቋረጥ ደን ሆኖ የቆየ ስፍራ ጥንታዊ ደን ተብሎ ልዩ ስም ይሰጠዋል። በማኅበር ተደራጅቶ በእነዚህ ደኖች ውስጥ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ማድረግም በዚያ አገር የቆየ ልማድ ነው። በጸደይ ወራት የጥንቱን ደን ወለል የሚሸፍን የደወል ቅርጽ ያለው ሰማያዊ አበባ አላቸው። ይህ አበባ ቅጠሉ ከተረገጠ ለማገገም ዓመታት ይወስድበታል። በመሆኑም የደን ጠባቂዎቹ ሕዝቡን አትምጡ አይሉም፤ ከመንገዱ አትውጡ ይላሉ። ሕዝቡም ደኑን የሚወደው አበባውን በማየቱ መሆኑን ያውቃሉና። እኛ ዘንድ ይህ ምክር አዲስ አይደለም፤ አረጋዊው አባት “ዱካዬን ተከተሉ” ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ ነው።

የጫማ ማውለቅ ምሥጢር

ሙሴ በኮሬብ ተራራ እሳት እየነደደበት የማይቃጠለውን ዕፀ ጳጦስ ባየ ጊዜ፣ የቆመበት ምድር የተቀደሰ ነውና ጫማውን እንዲያወልቅ ታዘዘ። ሊቃውንቶቻችን ይህን ዕፅ የእመቤታችን ምሳሌ አድርገው ያመሰጥሩታል፤ ነዶ አለመቃጠሉ መለኮትን ተሸክማ ድንግልናዋ አለመለወጡን ያሳያልና። እኛም ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማችንን እናወልቃለን። ነገር ግን ይህ ክብር ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ይጀምራል ወይስ ከደኑ ደጃፍ?

በቀደመው ሥርዓት መልሱ ግልጽ ነበር። ቅጽሩ፣ ዐጸዱና ደኑ የቤተ ክርስቲያኑ አካል ናቸው። ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው መንገዱን እያየ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየመረጠ ይሄዳል፤ እሾህን እንደሚጠነቀቅ ሁሉ ቡቃያንም ያያል። ጫማ ማውለቅ የትሕትና ምልክት ከመሆኑም በላይ አረማመድን የሚያስተምር ሥርዓት ነው። አዳምም በገነት የተሾመው እንዲበላባት ብቻ ሳይሆን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃትም እንደነበር በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል።

እዚህ ላይ ሳይነሣ ሊታለፍ የማይገባው ነገር “ለበረከት” እየተባለ የሚወሰደው ቅጠል፣ ቅርፊትና ቅርንጫፍ ነው። ምእመኑ ይህን የሚያደርገው ከፍቅር የተነሣ መሆኑ አይካድም። ሆኖም አንዱ የቀነጠባት ቅጠል ለአምስት መቶ ሰው ስትባዛ ዛፍን ታራቁታለች። ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይደርቃል። በረከት የሚገኘው ከጸሎቱ፣ ከቅዳሴውና ከአባቶች ቡራኬ ነው። ጠበሉን ጠጥቶ፣ እምነቱን ተቀብቶ፣ ጸበል ጻድቁን ተካፍሎ የተመለሰ ምእመን በረከት አልጎደለበትም። ዛፉን ሳይነካ መመለሱም ራሱ በረከት ነው።

ተጓዡን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በደኑ ውስጥ በሲሚንቶ የሚታነጸው የመቃብር ሐውልት፣ ለአዳራሽና ለንግድ ቤት ተብሎ የሚመነጠረው ስፍራ፣ ለገቢ ተብሎ በአገር በቀል ዛፎች መካከል የሚተከለው ባሕር ዛፍ ከተጓዡ እግር ይልቅ ደኑን ሊጎዱት ይችላሉ። የሰበካ ጉባኤ አባላትና የገዳማት አስተዳዳሪዎች ቤተ ክርስቲያንን ለማገዝ የሚያደርጉት ድካም ልብሷን የሚቀድድ እንዳይሆን መምከር አለባቸው።

ማኅበራት ምን ያድርጉ?

ጉዞው ይቅር የሚል አሳብ የለንም። ጉዞው ከቀረ ልጆቻችን የጥንቱን ደን ሳያውቁት ያድጋሉ፤ የማያውቁትንም ነገር አይጠብቁም። ገዳማቱም ከተጓዡ የሚያገኙት ሙዳየ ምጽዋትና የጉልበት እርዳታ ይቋረጥባቸዋል። የሚያስፈልገው ለእግራችን ሥርዓት መስጠት ነው።

አንደኛ፣ ማኅበሩ ከመነሣቱ በፊት የገዳሙን ወይም የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዶ፣ ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ሊገባ እንደሚችል ይጠይቅ። ቁጥሩ የበዛ ማኅበር በሃያና በሠላሳ እየተከፈለ፣ በየምድቡ ፊት መሪ፣ ኋላም ጠባቂ አድርጎ ተራ በተራ ቢገባ ጸጥታውም፣ ጸሎቱም፣ ደኑም ይጠበቃሉ።

ሁለተኛ፣ መንገዱ አንድ ይሁን። ጭቃ ቢኖር በመካከሉ ይታለፍ፤ እግር ይታጠባል፣ የተረገጠ ቡቃያ ግን አይመለስም። ዕረፍትና ምሳ ከደኑ ውጭ ወይም አባቶች በፈቀዱት ገላጣ ስፍራ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ስንቃችን ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ከሆነ የሚተርፍ ቆሻሻ የለም። የፕላስቲክ ውኃ መያዣና ፌስታል ይዞ የገባ ሁሉ ይዞት ይውጣ። ሻማና ጧፍ ከተፈቀደው ስፍራ ውጭ አይብራ፤ በበጋው ወራት ደረቅ ቅጠል በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛልና። ድምፅ ማጉያም ከደኑ ውጭ ይቅር። የወይራን ዘር ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚያደርሱት ወፎች ናቸውና፣ እነርሱን ማባረር ዘሪን ማባረር ነው።

አራተኛ፣ ልጆች ያሉት ቤተሰብ በጉዞው ላይ አንድ ትምህርት ይስጥ። ወላጆች ልጆቻቸውን አስጎንብሰው ከትልቁ ዛፍ ሥር የበቀለችውን ቡቃያ ያሳዩ፤ እናቷ የትኛዋ ዛፍ እንደ ሆነችም ያስፈልጉ። የወይራን ቡቃያ ከአጋም ለይቶ ያወቀ ልጅ በቀላሉ አይረግጣትም።

አምስተኛውና ዋነኛው ድንጋይ ነው። ምእመናን ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ድንጋይና አሸዋ ተሸክመው ማመላለሳቸው የቆየ የበረከት ሥራ ነው። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር በመተባበር በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ አሠርተዋል። ድንጋዩ በአብዛኛው የተለቀመው ከአካባቢው ማሳ ነበር። በዚህም ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ካቡ የደኑ ወሰን እስከ የት እንደ ሆነ ለሁሉም ስለሚያሳይ የጎረቤት ክርክርንም ያስቀራል። እንግዲህ በጽጌ ወራት ወደ ገዳም የሚወጣ ማኅበርተኛ ሁሉ በአስተዳዳሪው ፈቃድና በገበሬው ስምምነት ከማሳ ዳር አንዳንድ ድንጋይ አንሥቶ ካቡ ወደሚሠራበት ስፍራ ቢያደርስ፣ አንድ አውቶቡስ ሕዝብ በአንድ ጠዋት ስንት ክንድ ካብ ሊሠራ እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይገምተው።

የቁስቋም ተራራ ለስደተኛው ቤተሰብ ማረፊያ ሆነ። በእርሻው መካከል እንደ ደሴት የቀሩት የአድባራት ደኖችም ለብዙ ፍጥረት ማረፊያ ናቸው፤ ለወፉና ለጦጣው፣ ለንቡና ለምንጩ፣ ለባሕታዊውና ለደከመው ገበሬ ጥላ ሆነዋል። አባቶቻችን ለእኛ ያቆዩልን ትልልቆቹን ዛፎች ነው። እኛ ለልጆቻችን የምናቆየው ግን ዛሬ በእግራችን ሥር ያሉትን ትንንሾቹን ነው። የዘንድሮው የጽጌ ተጓዥ ከገዳሙ ሲመለስ ያለፈበት መንገድ እንደ ጥንቱ አንድ ክንድ ሆኖ ከቆየ፣ በመንገዱም ዳር ያለችው የወይራ ቡቃያ ቅጠሏ ሳይበጠስ ከታየች፣ ጉዞው ሠምሯል።

በዓሉን የሰላም፣ የጤናና የበረከት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።